በእሳት የሚታጠብ ጨርቅ

እሳት ውሸት አታውቅም። ስትቆጣ ትንጣጣለች፤ ስትጠግብ በአመዷ ሥር ትተኛለች፤ ስትራብ ደግሞ ምላሷን አውጥታ የቀረባትን ሁሉ ትልሳለች። ምድጃ ሠሪው ዕድሜውን ሙሉ ከእርሷ ጋር ተጎራብቶ ሲኖር ይህን ጠባይዋን እንደ ውሃ ጠጥቶት ነበር። የዳቦ ቤቱ ሰዎች «እሳት ዘመዱ» ብለው ያወጡለትን ቅጽል ስምም እንደ ሹመት ተቀብሎት ኖሯል። የምድጃው ሆድ ሲሰነጠቅ ጡቡን የሚቀይር፣ የእንፋሎቱ ቧንቧ ሲተነፍስ የሚጠግን፣ እጁን ወደ ምድጃው አፍ አስጠግቶ «ገና ነው» ወይም «በቃው» ብሎ የሚፈርድ እርሱ ነበር። ከእሳት ጋር የኖረ ሰው አንድ እምነት ነበረው። ክፉ ነገር ሁሉ አስቀድሞ ድምፅ አለው፤ ድምፅ ባይኖረው ሽታ አለው፤ ሽታ ባይኖረው ብርሃን አለው። ጆሮውን ያልደፈነ ሰው ይድናል።

ጡረታ ከወጣ በኋላም ምድጃው ባኮረፈ ቁጥር ይጠሩት ነበር። በዚያ ማለዳ የተጠራው ግን ሊያክመው ሳይሆን ሊቀብረው ነው። አሮጌው ምድጃ ፈርሶ በምትኩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሊተከል ስለ ነበር፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት መጥቶ የቧንቧዎቹን መሄጃ ለአፍራሾቹ እንዲያሳይ ለመነው።

ከቤት ሊወጣ ሲል ሚስቱ ወንበር ላይ ቆማ ከቁም ሣጥኑ አናት የሕፃን አልጋ ልታወርድ ስትታገል አገኛትና ተቀብሎ አወረደላት። ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከእናቷ ቤት ገብታ ነበር፤ ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለ ሆነ ከቤቱ ይልቅ መንገዱ ያውቀዋል። ወሯ ገብቶ፣ እግሯ አብጦ፣ ከአልጋ ለመነሣት የሰው እጅ ትፈልግ ነበር። ሚስቱ አልጋውን በጣቷ ዳሰሰችና ጣቷን አሳየችው። ፀሐዩ ደግ እንደ ሆነ፣ የአልጋውን ልባስ ገመድ ላይ ሰቅላ እንደምትወቃው፣ የዘመን ትቢያ በጠጣ ነገር ላይ የልጅ ልጇን እንደማታስተኛ ነገረችው።

«አንቺ አቧራ ካላየሽ ቀኑ የነጋም አይመስልሽ» አላትና እየሳቀ ወጣ።

ዳቦ ቤቱ ሲደርስ በሩ በቢጫ ሪባን ታጥሯል፤ መስኮቶቹም በላስቲክ ታፍነዋል። ጋጋሪዎቹ ሥራ ፈትተው ከመንገዱ ማዶ ተደርድረዋል። ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ነጭ የለበሱ፣ አፍና አፍንጫቸውን በወፍራም ጭምብል የሸፈኑ ሰዎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ዕድሜ ልኩን ሊጥ ሲያቦካ የኖረው ወዳጁ ከሩቅ ሲያየው እጁን አነሣ።

«ና፣ እሳት ዘመዱ። ዘመድህን ሊገንዙልህ መጥተዋል።»

«ገናዦቹ ራሳቸው ተገንዘው የለም እንዴ» አለ ምድጃ ሠሪው፤ ጋጋሪዎቹም ሳቁ።

የአፍራሾቹ አለቃ ጭምብሏን አውልቃ ስትቀርብ የልጁ እኩያ የምትሆን ሴት ሆና ተገኘች። በትሕትና ሰላምታ ሰጥታ በቧንቧዎቹ ላይ የተጠመጠመው ነጭ ልባስ እስከ የት እንደሚደርስ ጠየቀችው። እርሱም ከመናገር ማሳየት ይቀላል ብሎ በሩ ሥር ወድቆ ከነበረው አሮጌ ቧንቧ ላይ ጎንበስ አለና አንድ ጭብጥ ሙሉ ገንጥሎ አነሣ። ጥጥ የሚመስለው ነጭ ነገር በጣቶቹ መካከል ተበተነ።

«ልጄ፣ ይኼን ነው እንዲህ የምትፈሩት? ይኼ እኮ በእሳት የሚታጠብ ጨርቅ ነው። ክብሪት ስጪኝና ላሳይሽ።»

ሴትየዋ አልሳቀችም። ትከሻው ላይ እባብ የተጠመጠመበትን ሰው እንደሚያናግር ሰው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባባ፣ ባሉበት ይቁሙ። እንዳያራግፉት። ቀስ ብለው መሬት ላይ ያኑሩት።»

ከዚያም በጀርባዋ ካዘለችው ዕቃ ውሃ እንደ ጉም እየነፋች እጁን፣ እጅጌውን፣ የሱሪውን ጉልበት አራሰችለት። አሻፈረኝ ሊል ሲል ዓይኗን አየ፤ በዚያ ዓይን ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ስሙ አስቤስቶስ እንደሚባል ነገረችው። ከምድር ተቆፍሮ የሚወጣ ድንጋይ ነው፤ ግን እንደ ጥጥ ይፈተላል፣ እንደ ሸማ ይሠራል። ሲነካ ከፀጉር እጅግ ወደሚቀጥን እሾህ ይበተናል። እሾሁ በዓይን አይታይም፣ አይሸትም፣ ጉሮሮ አይከረክርም፤ ከትንፋሽ ጋር ገብቶ ሳንባ ላይ ይተከላል። ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ዝም ብሎ ይቀመጥና አንድ ቀን ነቀርሳ ሆኖ ይነሣል። ሁሉም ሰው አይታመምም፤ ብዙ የተነፈሰ፣ ለብዙ ጊዜ የተነፈሰ ይበልጥ ያሰጋዋል። ማን እንደሚታመምና ማን እንደሚተርፍ ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

«እሳት ያልበላችውን ነገር» አለች በመጨረሻ፣ «ሳንባ እንዴት አድርጎ ይብላው?»

ሊጥ አቡኪው ወዳጁ ሳቁን አቁሞ ነበር። የዳቦ ቤቱን የእንፋሎት ቦይለር ይጠብቅ የነበረውን ሰው አስታወሰ፤ ያ ግዙፍ ሰው በመጨረሻው ዘመኑ ከውሃ እንደ ወጣ ዓሣ አፉን እየከፈተ አየር ሲለምን ሁሉም አይተውት ነበር። «ሲጋራው ነው የበላው ብለን ቀበርነው» አለ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

ምድጃ ሠሪው ግን ስለ ቦይለሩ ጠባቂ አላሰበም፤ ስለ ራሱ ሳንባም አላሰበም። በልቡ ውስጥ አንድ ገመድ ታየው፤ ገመዱ ላይ አንድ ልባስ፣ ከልባሱ ፊት ዱላ የያዘች ሚስቱ።

«ሕፃን ቢተኛበትስ?» አለ።

ሴትየዋ ጓንቷን ማውለቅ አቆመች። «የትኛው ሕፃን?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ በተወለደች ጊዜ ቤታቸው አንድ ክፍል ብቻ ነበር፤ የጋዝ ምድጃው፣ የባልና ሚስቱ አልጋና የሕፃኗ አልጋ በአንድ ጣሪያ ሥር ትከሻ ለትከሻ ይኖሩ ነበር። እሳትን የሚያውቅ ሰው እሳትን ይፈራል። ሥራ ውሎ ሲመጣ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ እሳቷ ወደ ሕፃኗ ስትመለከት የሚያያት ይመስለው ነበር። ስለዚህ የቧንቧው ልባስ ሲታደስ የተረፈውን ጨርቅ ባለቤቱን አስፈቅዶ ወደ ቤቱ አመጣው። ሚስቱ እጥፍ አድርጋ ሰፋችው፤ መካከሉን በዚያው ነጭ ጥጥ ሞላችው፤ ከሥር ፍራሽ፣ ዙሪያውን መከለያ ሆኖ የሕፃኗን አልጋ እንደ ጎጆ አቀፈው።

ደግሞም አላሳፈራቸውም። ልጂቱ መዳህ በጀመረች ዓመት የጋዙ ምድጃ ተገለበጠ። ነበልባሉ ወለሉን አቋርጦ መጋረጃውን በላ፤ የአልጋውን እግሮች አከሰለ። እናቲቱ እየጮኸች ዘልላ ስትገባ ሕፃኗ በልባሱ መካከል ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ አንድ ፀጉሯ እንኳ አልተለበለበም። ጎረቤት ሁሉ ተአምር ነው አለ። እናቲቱም በእቶን እሳት መካከል ከተመላለሱት ከእነዚያ ወጣቶች ጋር ልጇን ቆጠረቻት፤ ልባሱንም እንደ ንዋየ ቅድሳት ታከብረው ጀመር።

እንዲህ የከበረውን ዕቃ የሚያጥቡትም በተለየ መንገድ ነበር። ሕፃኗ ስታረጥበው ወይም ስታቆሽሸው ልባሱን በጉጠት ይዘው የጋለ ከሰል ላይ ይጥሉታል። እድፉ ይነድዳል፤ ጨርቁ ነጥቶ ይወጣል። ልጂቱ ከፍ ስትል ከዚህ የሚበልጥ ጨዋታ አልነበራትም። «አባዬ፣ እሳት ያጥበው!» እያለች ታጨበጭባለች። እርሱም ጨርቁን ከከሰሉ አውጥቶ ሲበርድለት በመስኮቱ ብርሃን ፊት ያራግፈዋል። ነጫጭ ብናኞች በብርሃኑ ውስጥ እንደ አበባ ይንሳፈፋሉ። ልጂቱም እየዘለለች፣ አፏን ከፍታ፣ በምላሷ ልትቀልባቸው ትሯሯጣለች።

አፏን ከፍታ። አሁን ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሞ የታየው ይህ ነው።

ለሴትየዋ የነገራት በተቆራረጠ ቃል ነበር፤ እርሷ ግን ሁሉንም ተረዳች። እንዳይወቁት፣ እንዳይጠርጉት፣ ውሃ አፍስሰውበት በላስቲክ እንዲሸፍኑትና ከአካባቢው እንዲርቁ አዘዘችው። የያዘችውን ሥራ ለረዳቷ አስረክባ በመኪናዋ እንደምትከተለው ነግራ የቤቱን አቅጣጫ ጠየቀች። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ወደ ሚስቱ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ሚስቱ ስልኳን ትራስ ሥር ትታ ግቢ የምትውል ሰው ናት። ወደ ልጁ ደወለ፤ እርሷም እንቅልፍ እንዳይነሣት ዘግታዋለች። እንደገና ወደ ሚስቱ ደወለ፤ እንደገናም በባዶው ክፍል ሲጠራ በሐሳቡ ሰማው።

እርሷን መጠበቅ ስላልቻለ የተሳፈረበት አውቶቡስ እንደ ኤሊ ተጓዘ። ፍሬን በያዘ ቁጥር ጎማው ሲያፏጭ ምድጃ ሠሪው ይሰቀቃል፤ አሮጌ የመኪና ፍሬን ሸራ ውስጥም ይኸው ነገር እንዳለ ሴትየዋ ነግራው ነበርና። በመስኮቱ ሲመለከት ግራጫ ሞገድ ያላቸው አሮጌ ጣሪያዎች ተራ በተራ ያልፋሉ፤ በእነርሱም ውስጥ ሊኖር እንደሚችል ነግራዋለች። ትናንት ጣሪያ የነበረው ጣሪያ ዛሬ ዓይን አውጥቶ ይመለከተው ጀመር። ከጎኑ የተቀመጡት እናት ሱሪው መራሱንና ፊቱ አመድ መምሰሉን አይተው ታምሞ እንደ ሆነ ጠየቁት። እርሱም ደኅና ነኝ አለ፤ ግን የራሱን ትንፋሽ እያዳመጠ ነበር። መግባቱን ይሰማል፤ መውጣቱን ይሰማል። ገብቶ የቀረውን የሚሰማ ጆሮ ግን አልነበረውም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል ሰምቷል፤ የወደዱትስ? ለልጁ ሲል በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ያመጣውስ? ለዚህ የሚሆን ተረት አልመጣለትም። ጌታ ሆይ፣ አለ በልቡ፣ ዱላው ይሰበር። ሌላ ጸሎት አልመጣለትም።

ወርዶ ወደ ሰፈሩ መታጠፊያ ሲደርስ ሰማው። ዱም። ዱም። ዕረፍት እየወሰደ የሚመታ፣ የለመደው፣ የሰላም ቀን ድምፅ፤ ሚስቱ ፍራሽ ስትወቃ።

የግቢውን በር ሲከፍት ልባሱ ገመዱ ላይ ተዘርግቷል። ስፌቱ ከአንድ ጎን ተተርትሮ ነጩ ጥጥ ወጥቷል። ሚስቱ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ በዱላ ትመታዋለች። ልጁ ከሥሩ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ሆዷን በሁለት እጆቿ አቅፋ፣ ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታለች። በሁለቱ ሴቶች መካከል ወርቅ የመሰለ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ቆሟል፤ የሚያምር ነገር ነበር።

ሁሉን ሊናገር አፉን ከፈተ። ነገር ግን የልጁን ሆድ አየ። በድንጋጤ ምጥ ቢመጣባትስ ብሎ ፈራ፤ ፍርሃትም ውሸትን ወለደች። ልባሱ ትኋን እንዳለበት ትናንት አይቶ እንደ ነበርና መንገር እንደ ረሳ፣ ዱላውን ትተው ወደ ቤት እንዲገቡ፣ እርሱ ወስዶ እንደሚጥለው ተናገረ።

ከዚህ የባሰ ውሸት ሊመርጥ አይችልም ነበር። ሚስቱ በቤቷ ንጽሕና የሚመጣባትን ሰው የማትምር ሴት ናት። «ትኋን? በእኔ ቤት?» አለች። ከዚያም ዱላውን ወርውራ ልባሱን ከገመዱ ላይ ጎተተችው። «ትኋን ካለበትማ መድኃኒቱ እዚሁ አለ። ዛሬ አዲስ ሆነብህ እንዴ?» የልብስ ማጠቢያ ውሃ ሊያሞቁበት የጋለው የከሰል ምድጃ ከደጁ አጠገብ ፍም ሆኗል። ሚስቱ ልባሱን ወደዚያ አዞረችው። ልጁም እየሳቀች፣ እየተደገፈች ተነሣች። «እሳት ያጥበው፣ አባዬ» አለችው የሕፃንነቷን ድምፅ አስመስላ። ጉዱ ሳይታወቃትም የልባሱን ሌላ ጫፍ ይዛ፣ እናትና ልጅ አንሶላ እንደሚያጥፉ ሴቶች ትይዩ ቆመው፣ ትቢያውን ሊያረግፉ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

በዚያ ቤት ጮኾ አያውቅም ነበር። ያን ዕለት የጮኸው ጩኸት ጎረቤት አስወጣ።

«አታራግፉ! ሁለታችሁም ልቀቁትና ወደ እኔ ኑ!»

ለቀቁት፤ የለቀቁት ግን ከመታዘዝ ይልቅ ከድንጋጤ ነው። ለልብስ የተቀዳውን ባልዲ ሙሉ ውሃ አንሥቶ ልባሱ ላይ ደፋው። ሁለተኛውንም ደፋው። ውሃው ተርፎ ወደ ከሰሉ ፈሰሰ፤ ፍሙም ሽሽ እያለ ጠቆረ። ዕድሜውን ሙሉ እሳት ሲያነድ የኖረ ሰው የገዛ ቤቱን እሳት አጥፍቶ፣ ባዶ ባልዲ ይዞ ቆመ። ከዚያም ሁለቱን ሴቶች እጃቸውን ይዞ ከግቢው በር ውጭ፣ ነፋሱ ከሚነፍስበት አቅጣጫ አወጣቸውና እውነቱን ነገራቸው።

ሚስቱ ለመስማት እንኳ ፈቃደኛ አልሆነችም። «ከእሳት ያወጣት እርሱ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። አንተ ያኔ ሥራ ላይ ነበርክ፤ እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አዎን፣ አውጥቷታል» አለ። «ያንን አልካድኩም። ያወጣትም እርሱ ነው፤ ሌላ እሳት ያስገባባትም እርሱ ሊሆን ይችላል።»

ልጁ እጇን ከሆዷ አንሥታ ደረቷ ላይ አደረገች፤ ከዚያም መልሳ ሆዷ ላይ፤ እንደገናም ደረቷ ላይ። ከሁለቱ የትኛውን እንደምትጠብቅ የቸገራት ይመስል ነበር።

«እስከ መቼ ነው የተኛሁበት?» አለች።

«እግርሽ ከአልጋው እስኪተርፍ ድረስ።»

«ያ ጨዋታችንስ?»

በምላሷ ትቀልበው የነበረውን ነገር ታስታውስ እንደ ነበር ከከንፈሯ መጨማደድ ታወቀ።

«ታዲያ ለምን ትኋን ነው አልከን?»

«ፈራሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ይብሳል» አላት።

ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ መርፌውን የያዝኩት እኔ ነኝ አለች። እርሱም ያመጣሁት እኔ ነኝ አላት። የሞላሁት እኔ ነኝ አለች። ያራገፍኩት እኔ ነኝ አለ። ሁለቱ ሽማግሎች ሌላ ጊዜ ለምርቃት እንደሚሻሙ ለጥፋቱ ሲሻሙ ልጃቸው እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና፣ ክሱን ለሌላ ቀን አቆይተው የምትቀይረው ልብስ ከጎረቤት እንዲያመጡላት ጠየቀች። እናቲቱ እያለቀሰች ሳቀች፤ ነጩ ብናኝ ሻሿ ላይ እንደ ሽበት ተቀምጦ ነበር።

የአፍራሾቹ አለቃ ብዙም ሳትቆይ ደረሰች። ነጭ ልብሷን ለብሳ ገባች፤ ልባሱን እንደ ራሰ በእጥፍ ላስቲክ ጠቀለለች፤ ግቢውን በእርጥብ ጨርቅ አበሰች፤ ለብሰውት የነበረውን ልብስ ሁሉ ጨምራ አሰረች። ሚስቱ የአስከሬን መውጣት እንደምታይ ሴት ከበሩ ቆማ ተመለከተች። ሴትየዋ ለልጂቱ የነገረቻትን ምድጃ ሠሪው ቃል በቃል በልቡ ያዘ። የአንድ ማለዳ ትቢያ ብዙ እንደማያሰጋ፣ ይበልጥ የሚያሳስበው የልጅነቱ እንደ ሆነ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ለሐኪሞቿ ሁሉ እንድትናገረው፣ ከሲጋራ ጭስ እንድትሸሽ ነገረቻት። የሆዷን ልጅ ሲጠይቋት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«እርሱ እኮ ገና አልተነፈሰም» አለች። «የመጀመሪያ ትንፋሹን ንጹሕ አድርጉለት።»

ያቺን ቃል ምድጃ ሠሪው እንደ ንስሐ ቀኖና ተቀበላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን በእርጥብ ጨርቅ ሲያብስ ዋለ፤ ግድግዳውን፣ የቁም ሣጥኑን አናት፣ የመስኮቱን ስንጥቅ። ደረቅ መጥረጊያ የያዘ ሰው ቢያይ እጁን ይይዘው ነበር። አሮጌውን አልጋም ለአፍራሾቹ ሰጥቶ፣ ቀለም እንኳ ያልነካው አዲስ የእንጨት አልጋ ራሱ ሠራ። ልጁ የታየችበት ሐኪም ቤትም የተባለው ከሴትየዋ ቃል አልራቀም። ደረቷ ደኅና ነው፣ ትንፋሿ ጥርት ያለ ነው አሏት። ሐኪሙ የዚህ በሽታ አመሉ ዘግይቶ መምጣት እንደ ሆነ፣ ብዙ ሰውም ጨርሶ ሳይመጣበት አርጅቶ እንደሚሞት ሲነግራቸው፣ ሚስቱ «ብዙ ሰው» የሚለውን ይዛ ወጣች፤ እርሱ ግን «ዘግይቶ» የሚለውን።

አንድ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ፍርሃቱ ጥቂት ጋብ ባለበት ቀን፣ ሚስቱ የፈላውን ማሰሮ ልታወርድ ከምድጃው አጠገብ ከተመታው ምስማር ላይ የማሰሮ መያዣዋን አነሣች። ነጭ ነበር። ጫፉ ተበልቶ ክሩ ተንጠልጥሏል። ከልባሱ ከተረፈው ቁራጭ ሰፍታው፣ በየቀኑ ሦስቴም አራቴም በእጇ ስትይዘው፣ ዓይናቸው ሥር ተሰቅሎ ሲኖር ማንም አላየውም። ሦስቱም በአንድ ጊዜ አዩት። ማንም አልጮኸም። ሚስቱ እጇን እንደ ዘረጋች ደርቃ ቀረች፤ ልጁ ሆዷን ይዛ ቀስ ብላ ወደ በሩ ሄደች፤ እርሱ ውሃ ቀዳ። የሚያስፈራው መገኘቱ አልነበረም። ካገኙት በኋላ በቤቱ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ፣ ወንበሩም፣ ምንጣፉም፣ የመብራቱ ክዳንም፣ አንድ ጥያቄ እንደ ያዘ ዝም ብሎ ሲመለከታቸው ነበር የሚያስፈራው።

ልጁ በሰላም ወለደች፤ ወንድ ልጅ ነው። ወደ ቤት ሲያመጡት ምድጃ ሠሪው ወለሉን ከማለዳው አብሶ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ሕፃኑ ደፉን ሳያልፍ በሙሉ ድምፁ አለቀሰ። ሚስቱ እልል ልትል ስትል ትንፋሿን ዋጠችው፤ የሕፃኑን አየር መሳብ እያዳመጠች ነበርና።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሻይ ይዘው ተቀመጡ። ሹፌሩም ከመንገድ ገብቶ ነበር፤ ልጁ ማንን እንደሚመስል ይቀልድ ነበር፤ አፍንጫው የአያቱ ከሆነ ምድጃ ሳይሆን ጭስ ማውጫ ነው የሚሠራበት ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ልጂቱ እየሳቀች ሻዩን ተጎነጨችና ሳለች።

አንድ ጊዜ ነው የሳለችው። ብርጭቆዎች በየእጃቸው ቆሙ። ሚስቱ ባሏን አየችው፤ እርሱም እርሷን አያት፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ሰበሩ።

«ትን ብሎኝ ነው» አለች ልጃቸው። «ሻይ ነው፣ አባዬ። በቃ ሻይ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ። ሹፌሩም ወጉን ቀጠለ፤ ሳቁም ዘግይቶ ተመለሰ፤ ሚስቱም ሻይ ጨመረች።

ምድጃ ሠሪው ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ አዲሱ አልጋ ሄደ። ሕፃኑ ተኝቶ ነበር። ከጥጥ በቀር ምንም ያልለበሰው ፍራሽ ላይ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። ገባ፤ ወጣ። ገባ፤ ወጣ። ከዚያ ቀና ሳይል ጆሮውን ወደ ኋላው፣ ልጁ ወደ ተቀመጠችበት አዞረ፤ ከሳቋና ከወጋቸው መካከል የእርሷን ትንፋሽ ለመለየት ሞከረ። ምንም አልሰማም። እሳት ብትሆን ኖሮ ይሰማት ነበር።